የልምድ ማስረጃው የት ደረሰ?

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምሠራው ጎንደር ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ከመስከረም ጀምሮ የአስተዳደር ድጋፍ ቡድን መሪ ሆኛለሁ። ስምንት ሰው አለኝ፤ ሴክሬታሪዎች፣ መዝገብ ቤት፣ ሰው ሀብት፣ ንብረትና ግዥ። ለየብቻ ሁሉም ጎበዝ ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሥራው አይሄድም። ደብዳቤ ይጠፋል፤ ባለጉዳይ ይጮኻል፤ አንዱ በሌላው ያሳብባል። መዝገብ ቤት ያሉት እትዬ 31 ዓመት ሠርተዋል። የትኛው ማህደር የት እንዳለ ከሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም፤ ለማንም አያሳዩም። ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጣሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ሁሉ ነገራቸው ቴሌግራም ነው። አለቃዬ ‹ስለ ሥራ ሂደት፣ ስለ ቡድን ሥራ ምናምን ስልጠና አዘጋጂላቸው› ብሎኛል። ያለችው ብር ለሦስት ቀን አዳራሽና ሻይ ብትበቃ ነው። ምን ላሠልጥናቸው? ወይስ ችግሩ እኔው ነኝ?

ግራ የገባኝ፣ ከማራኪ»

ግራ የገባሽ እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ችግሩ አንቺ አይደለሽም። እነሱም አይደሉም። «ለየብቻ ጎበዝ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ አይሄድም» ስትዪ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ወረቀቱ የሚጠፋው ከአንዱ በር ወጥቶ ሌላው በር እስኪገባ ባለችው መንገድ ላይ ነው። ያቺ መንገድ ደግሞ የማንም የሥራ ዝርዝር ውስጥ የለችም።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። በጽሕፈትና በአስተዳደር ሥራ 23 ዓመት ቆይቻለሁ። የጀመርኩት በታይፕ ነው፤ ካርቦን ጣቴን እያጠቆረው። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ ቢሮ አንዲት ልጅ የልምድ ማስረጃ ጠየቀች። ሌላ ቦታ ሥራ አግኝታለች፤ ማስረጃውን በወሩ መጨረሻ ካላስገባች ይቀርባታል። ሦስት ሳምንት ተመላለሰች። እኔ «ለፊርማ ገብቷል» እላታለሁ። ኃላፊው «አልደረሰኝም» ይላሉ። ሰው ሀብት «ጽፈን ሰጥተናል» ይላል። ማናችንም አልዋሸንም። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ፓራፍ (የአዘጋጁ አጭር ፊርማ) ተደርጎ፣ ከኃላፊው ጠረጴዛ ጎን ሌላ ክላሰር ውስጥ ተኝቶ ተገኘ። በማግስቱ ተፈረመ። ልጅቷ ግን ቀኑ አልፎባት ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ለፊርማ ገብቷል» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። «ማን ጋ ነው? ከመቼ ጀምሮ?» ነው የምለው።

ስለዚህ አዳራሹን ለጊዜው ተዪው። ሰኞ ጠዋት አንድ የልምድ ማስረጃ ማመልከቻ ሲገባ ደብተር ያዢና ወረቀቱን ተከተዪው። መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ግን ቆጥረሽው አታውቂም። መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። ወደ ኃላፊው ይገባል። ኃላፊው ጠርዙ ላይ «ለሰው ሀብት፣ ተጣርቶ ይጻፍለት» ብለው ይመሩታል። ተመልሶ መዝገብ ቤት ይገባል፤ መመራቱ ይመዘገባል። ሰው ሀብት ይደርሳል። ሰው ሀብት ማህደሩን ይጠይቃል። ማህደሩ ይፈለጋል። እዚህ ላይ ትንሽ ጸልዪ። ከዚያ የቅጥር ደብዳቤው፣ የደረጃ ዕድገቱ፣ ደመወዙ ይታያል። ረቂቅ ይጻፋል፣ ይተየባል፣ ፓራፍ ይደረጋል፣ ለፊርማ ይገባል፣ ይወጣል፣ ወጪ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማህተም ይመታበታል፣ ግልባጩ ማህደር ውስጥ ይታሰራል።

በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ሁለት ነገር ብቻ ጻፊ፤ መቼ ደረሰ፣ መቼ ተነሳ። እኔ ይህን አንድ ጊዜ ስሠራ፣ ወረቀቱ ላይ የሰው እጅ ያረፈበት ጊዜ ሁሉ ተደምሮ አንድ ሰዓት አልሞላም። የፈጀው ግን ዘጠኝ የሥራ ቀን ነበር። የቀረው ሁሉ ወረፋ ነው። ትሪ ላይ መተኛት፣ ክላሰር ውስጥ መተኛት፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል በር ስር መተኛት።

አንድ ነገር አደራ። ስትከተዪ «ለምን ዘገየ?» ብለሽ አትጠይቂ። ይህ ጥያቄ በኛ አገር ቢሮ ግምገማ ግምገማ ይሸታል። ሰው ወዲያው ሰበብ ማዘጋጀት ይጀምራል። «ምን ስትጠብቂ ነበር?» በያት። አንዷ «ማህደሩን» ትላለች። አንዱ «የሷን ፓራፍ» ይላል። አንዷ «እኔማ የኔ መሆኑንም አላወቅሁም» ትላለች። ያቺ የመጨረሻዋ መልስ ወርቅ ናት። ከሥሯ አስምሪባት።

ከተከተልሽው በኋላ ሁለት ሦስት ነገር ያለ ብር፣ ያለ ስልጠና ይስተካከላል። ለምሳሌ ማህደር ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው ወፍራም ካርቶን ይግባ። ማን ወሰደው፣ መቼ፣ ለምን ጉዳይ፣ ይጻፍበት። የወረቀት ካርቶን በመቀስ ብትቆርጪ ለዓመት ይበቃሻል። «ማህደሩ የት ገባ?» የሚለው ጩኸት ግማሹ በዚህ ይቀንሳል።

አሁን ወደ እትዬ። ደብዳቤሽ ውስጥ ትንሽ ንዴት ሸተተኝ። አልፈርድብሽም። ግን እስቲ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጪ። በ31 ዓመት ስንት የአሠራር ለውጥ ፕሮግራም መጥቶ ሲሄድ አይተዋል? ቢፒአር መጣ። ቢኤስሲ መጣ። ካይዘን መጣ። አንድ ለአምስት መጣ። ሁሉም ሲመጣ ፎርም ይዞ ነው። ፎርም ከተሞላ በኋላ ደግሞ ምደባ ይወጣል፤ በምደባ ማግስት ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ያገኘ ስንት አለ። የካይዘን የአምስቱ ማዎች ፖስተር ቢጫ ሆኖ ዛሬም ግድግዳችሁ ላይ አለ አይደል? ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት ይላል። ከሥሩ ያለውን የማህደር ክምር ግን የነካው የለም። እትዬ በዚያ ሁሉ ለውጥ መሃል የሰነበቱት ያወቁትን በሆዳቸው ይዘው ነው። እንግዲህ «የሚያውቁትን ጽፈው ያስረክቡ» የሚል ደብዳቤ ቢደርሳቸው፣ እሳቸው የሚሰሙት «ቦታውን ይልቀቁ» የሚለውን ነው።

ስለዚህ አታስጽፊያቸው። አስወሪያቸው። ከሰዓት በኋላ ባለጉዳይ ሲቀንስ ቡና ይፈላ፤ እሳቸው ክፍል፣ መደርደሪያቸው መሃል። እኛ ጎንደሬዎች አንቱታ አናጣም፤ ተጠቀሚበት። «እትዬ፣ አንቱ ሰኔ ላይ ሲሄዱ እኛ መጫወቻ ልንሆን ነው። አንድ ማህደር ሲፈልጉ ከየት ነው የሚጀምሩት?» በያቸው። ከዚያ ዝም በዪ። የምትጽፈው ወጣቷ ሴክሬታሪ ትሁን፤ አንቺ አትጻፊ። አለቃ ብዕር ሲያነሳ ሰው ይጠነቀቃል።

የሚወጣው ነገር ያስገርምሻል። እኔ የማውቃቸው አንድ የመዝገብ ቤት ሰው ማህደር የሚለዩት በማሰሪያው ክር ነበር። የተዛወረ ሰው በነጭ ክር፣ ክርክር ያለበት በቀይ ክር። እኛ ክሩን ለውበት ነበር የመሰለን። እሳቸው በወጡ በወሩ አንዱ «ጽዳት» ብሎ ክሩን ሁሉ ፈታው። ከዚያ በኋላ ስንት ወር እንዳለቀስን እኔ ነኝ የማውቀው።

ደግሞ በስልጠናው ፕሮግራም ላይ የእትዬ ስም «አሠልጣኝ» ተብሎ ይጻፍ። የአሠልጣኝ ክፍያ ካለም ለሳቸው ይሁን። ከውጭ የሚመጣው ሰው የእናንተን መደርደሪያ አያውቀውም።

ካወሩት ላይ አንድ ገጽ አውጡ። ለአንድ ሥራ አንድ ገጽ። በምን ይጀመራል፣ ምን ምን ወረቀት መሟላት አለበት፣ ማን ይሠራዋል፣ እሱ ከሌለ ማን ይተካል፣ ስንት ቀን ይወስዳል፣ መጨረሻው ምንድን ነው። በተራ አማርኛ ይጻፍ። «አግባብነት ያለው አካል በሚመለከተው አግባብ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካየሽ ሰርዢው፤ ማንም እንዳይጠየቅ የተጻፈ ነው። ገጹ ሲያልቅ ለአዲሷ ሠራተኛ ስጫትና «ማንንም ሳትጠይቂ ሥሪው» በያት። የቆመችበት ቦታ የጎደለ መስመር ነው። እሱን ጨምሩና እንደገና ስጧት። ስንት መሥሪያ ቤት የታተመ የአሠራር ማኑዋል አለው፤ በሙከራ ያልተፈተነ ስለሆነ መሳቢያ ውስጥ አርጅቷል።

አለቃሽ «የቡድን ሥራ ምናምን» ብሏል። «ምናምን»ዋን ወደድኳት። ለመሆኑ ገጠር ያደግሽ ከሆነ ደቦና ወንፈልን ትለያቸዋለሽ። ደቦ ሲሆን ባለቤቱ ጠላውን ጠምቆ፣ ምግቡን አሰናድቶ ይጠራል። ሰው ግር ብሎ መጥቶ አጭዶ፣ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። ወንፈል ሌላ ነው። ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን ነው። ቀኑ ይቆጠራል። የቀረ ሰው ብድሩ አለበት፤ ሁሉም ያውቀዋል።

የቢሮ የቡድን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ደቦ ነው። ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ «ኑ ተረባረቡ!» ይባላል። ውኃና ቆሎ ይገዛል፤ እስከ ምሽት ይሠራል። ሐምሌ ሲገባ ሁሉም ወደ ጎጆው። ባለፈው ተጠርቶ መጥቶ ሲቸግረው ማንም ያልመጣለት ሰው ግን አይረሳም። ያንቺ ስምንት ሰዎች «አንዱ በሌላው ያሳብባል» ያልሻቸው ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቂም እንዳለ እጠረጥራለሁ።

ወንፈል አድርጊው። ማክሰኞ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ሴክሬታሪዋ መዝገብ ቤት ገብታ የማህደሩን ዝርዝር ኤክሴል ላይ ታስገባለች። ሐሙስ ጠዋት የመዝገብ ቤቱ ልጅ ግልባጮቿን ያስርላታል። ቀኑ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የተሠራ ሰዓት ምልክት ይደረግበት። ትብብር የሚለው ቃል ሳይነሳ ትብብር ይመጣል።

ሌላም ከቤታችን የሚወሰድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከጅምሩ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ) ነበር የሚያሠለጥነው። የሚታወቅበት አንድ ልማድ አለ፤ የተለያየ ሙያ የሚማሩትን ልጆች በአንድ ቡድን አድርጎ ከተማው ውስጥ ካለው ክፍል አውጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካቸዋል። ቲቲፒ ይሉታል፣ ቲም ትሬኒንግ ፕሮግራም። የላቦራቶሪው ልጅ ነርሷ ምን እንደምትጠብቅ የሚያውቀው እዚያ፣ አንድ በሽተኛ ፊት አብረው ሲቆሙ ነው። ስለ ትብብር ሌክቸር ተቀምጦ ቢሰማ ይህን አያገኘውም።

አንቺም ወንበር አለዋውጫቸው። ግማሽ ቀን ይበቃል። ሥራውን እንዲሠሩት አይደለም፤ አጠገቡ ተቀምጠው እንዲያዩ ነው። ሴክሬታሪዋን ንብረት ክፍል አስቀምጫት። እስከ ዛሬ ልጁን «አንድ ደስታ ወረቀት ለመስጠት የሚያንገራግር ቆጥቋጣ» ነው የምትለው። እዚያ ስትቀመጥ ታያለች። ያለ ሞዴል 20፣ ያለ ዕቃ መጠየቂያው ቅጽ፣ የሰጠው ወረቀት በሞዴል 22፣ በወጪ ማድረጊያው ቅጽ፣ ወጪ ሊሆንለት አይችልም። ገቢ የሆነው በገቢ ማድረጊያው ቅጽ፣ በሞዴል 19 ተመዝግቧል። ኦዲት ሲመጣ በ19 እና በ22 መካከል ያለችውን ጉድለት የሚከፍለው እሱ ነው። ደመወዙን ደግሞ ታውቀዋለች። ከዚያ ቀን በኋላ «ነገ ፎርሙን አመጣልሃለሁ፣ ዛሬ ስጠኝ» አትለውም። እሱም በተራው እሷ ጋ ይቀመጥ። ባለጉዳይ በአንድ ወገን፣ ስልክ በሌላ ወገን፣ አለቃ በደወል ሲጠራት ይይ። ቶነር ሲያልቅ ለምን ድምፅዋ እንደሚወፍር ይገባዋል።

የግዥውንም ሰው እንዲህ ጠይቂው፤ «የሚመጣልህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ምን ይጎድለዋል?» ዝርዝር መግለጫ ይልሻል፤ እኔ እወራረዳለሁ። «ፕሪንተር ይገዛልን» ብቻ ተብሎ ይመጣል። ምን ዓይነት፣ ለስንት ሰው፣ ጥቁርና ነጭ ይሁን ባለ ቀለም፣ የለም። ይመለሳል። ጠያቂው «ግዥ አንቆ ያዘን» ይላል። አንድ የተሟላ ናሙና በሩ ላይ ቢለጠፍ ለሁለቱም ዕረፍት ነው።

ብሩን በተመለከተ። የሦስት ቀን አዳራሽ አልመክርሽም። የመጀመሪያው ቀን በምዝገባና በመክፈቻ ንግግር ያልቃል። ሁለተኛው ቀን ፓወር ፖይንት ነው፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ። ሦስተኛው ቀን ሰርተፊኬት። አበል ክፉ ነገር ነው አልልሽም፤ የሠራተኛ ኑሮ ይታወቃል። ግን ያንቺ ብር ለዚያም አትበቃም። ይልቅ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለስምንት ሳምንት አድርጊው። ሻይና ዳቦው ከፒያሳ ይምጣ፤ ሰው በዳቦ ይሰበሰባል።

በዚያች ሰዓት እጅ ላይ የሚገኝ ነገር ተማሩ። እንዳንቺ ቡድን ላለ ሰው እኔ ከኤክሴል እጀምራለሁ። ዝርዝር በፊደል ማደራጀት፣ ከ500 ስም ውስጥ አንዱን በቅጽበት ማግኘት። ቀጥሎ ፊደል። አንዱ ኮምፒውተር በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር ይጽፋል፣ ሌላው ኒያላ በሚባለው የዩኒኮድ ፊደል፤ ደብዳቤው ሲላክ ዝባዝንኬ ሆኖ ይከፈታል፤ ከዚያ እንደገና መተየብ ነው። ሁሉም በዩኒኮድ፣ በየኮምፒውተሩ እኩል በሚነበበው የፊደል አሠራር፣ ይጻፍ ብላችሁ አንድ ከሰዓት ብትጨርሱት ለዓመታት ትገላገላላችሁ። ከዚያ ቃለ ጉባኤ። ማን ምን ተናገረ ብሎ አራት ገጽ ከመሙላት፣ ምን ተወሰነ፣ ማን ይፈጽመዋል፣ እስከ መቼ። ሦስት መስመር። የቀረውን ርዕስ ከራሳቸው ስሚ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያ ሳምንት የእትዬ ይሁን፤ የሳቸው ትምህርት ሶኬት አይፈልግም።

ቴሌግራምን አትከልክዪ። አይሆንልሽምም። ፈጣን ነው፣ ሁሉም እጅ ላይ አለ፣ ኔትወርክ እስካለ ድረስ። ግን ሁለት ነገር ተስማሙበት። ግሩፑ ላይ የተወሰነ ነገር በማግስቱ መዝገብ ላይ ወይም ደብዳቤ ላይ ካልሰፈረ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። «ግሩፕ ላይ ጽፌልህ ነበር» የሚል ክርክር እኔ አንድ ቢሮ ሲያፈርስ አይቻለሁ። ሁለተኛው፣ የሰው ማህደር ፎቶ ተነስቶ ግሩፕ ላይ አይለጠፍ። ደመወዝ፣ ቅጣት፣ የሕክምና ወረቀት ያለበት ነገር ነው። ከስምንት ሰው ስልክ ወደ ስንት ስልክ እንደሚሄድ አይታወቅም። የእትዬ «ለማንም አላሳይም» ግማሹ ይህ እንደሆነ ልብ በዪ። እሱን ግማሽ አትንኪባቸው፤ እንዲያውም ለወጣቶቹ እሱን ያስተምሯቸው።

ሰኞ ጠዋት 2:45 ላይ 15 ደቂቃ ተገናኙ። ቆማችሁ። ቁጭ ካላችሁ አጀንዳ ይመጣል፣ አጀንዳ ካለ ንግግር ይመጣል። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ «ዛሬ ማን ጋ ምን ቆሟል?» የቆመበት ሰው ይናገር፤ ሊያስነሳው የሚችለው ሰው «እኔ ጋ ነው» ይበል። የማንንም ጥፋት አትጻፊ። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ዝም ይላሉ። ከዚያ አንቺው ጀምሪ። «እኔ ጋ የሁለት ሰው ፈቃድ ሳልፈርም ቆሟል፤ ረስቼው ነው» በዪ። አለቃ ስህተቱን ሲናገር የሰማ ሠራተኛ በኛ አገር ብዙ የለም፤ ይደነግጣሉ፣ ከዚያ ይለምዱታል።

ለአለቃሽ ደግሞ ደብተርሽን ይዘሽ ግቢ። «ስልጠናው ተጀምሯል» በዪውና የወረቀቱን ጉዞ አሳዪው። ሁለት ነገር ለምኚው። አንደኛ፣ የልምድ ማስረጃና የዓመት ፈቃድ ዓይነቱ የዘወትር ጉዳይ እሱ ጋ ሳይመራ በቀጥታ ከመዝገብ ቤት ሰው ሀብት እንዲሄድ፣ እሱ መጨረሻ ላይ ብቻ እንዲፈርም። ይህን በጽሑፍ ያድርገው፤ በቃል ከሆነ የመጀመሪያው ቅሬታ ሲመጣ ይታጠፋል። ሁለተኛ፣ የፊርማ ሰዓት ይኑረው። ከምሳ በፊት 5:30 በይው። ሲወጣም ማን እንደሚፈርምለት ውክልናውን ጽፎ ይውጣ። እምቢ ካለ አትከራከሪ። ሌላ ወረቀት ተከትለሽ በሳምንቱ ተመለሺ። ቁጥር ሲደጋገምበት ያኔ ይሰማል።

የመጀመሪያዋ ገጽ ስታልቅ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ማየት እፈልጋለሁ። የሰው ስም ያለበትን መስመር ግን በጣትሽ ሸፍኚው።